በዳባትና በደባርቅ አገር ከሕፃናት ጋራ ስለ መጫወት

በአማርኛ ቋንቋ ጨዋታ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛው ልጆች በሜዳ ሲሮጡ፥ ሲዘሉ፥ ሲደባበቁ የሚያደርጉት ነው፤ ሁለተኛውም ትልልቆች ሰዎች በምድጃ ዳር ተቀምጠው የሚነጋገሩት ነው። ባለቤት እንግዳ በመጣለት ጊዜ «እስቲ ይጫወቱ» ይለዋል፤ ይህም ይናገሩ ማለቱ ነው እንጂ ይዝለሉ ማለቱ አይደለም። የቤቱ ልጅ ግን ከእንግዳው አጠገብ ቀርቦ አንድ ነገር ሊናገር ሲጀምር «ሂድ፥ ውጭ ተጫወት» ይባላል። በአንድ ቃል እንግዳው ወደ ምድጃው ይቀርባል፥ ልጁም ከምድጃው ይርቃል።

በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 ለአባቶች የተሰጠው ትእዛዝ ወደ አማርኛ ሲመለስ የተጻፈው በዚሁ በመጫወት ቃል ነው። አባት የተቀበለውን ሕግ ለልጆቹ እንዲያስተምር፥ በቤቱም በመንገዱም፥ በመኝታውም በመነሣቱም ጊዜ ስለ እርሱ እንዲጫወት ታዝዟል። በዚያ ስፍራ የቃሉ ትርጓሜ መነጋገር መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን የአራት ዓመት ሕፃን ያለ ጨዋታ የሚነጋገር አይደለም። ሁለቱን ትርጓሜ ለይቶ አንዱን ለሽማግሌ ሌላውን ለልጅ ማካፈል በትልልቆች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሕፃኑ ግን ይህን መለያየት አያውቀውም።

ይህ ነገር በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት በዳባትና በደባርቅ ወረዳዎች እጅግ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ወገራን አቋርጦ ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲደርስ ደባርቅ ይገባል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች፥ ብርድ የጸናባት የገብስ አገር ናት። በባላገር ቤት ሕፃን እግር እስኪያወጣ ድረስ በእናቱ ጀርባ በአንቀልባ ታዝሎ ይኖራል፤ ስትጋግርም ውሃ ስትቀዳም ድምፅዋን ይሰማል፥ ከሙቀትዋም አይለይም። ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ጥጃና በግ ለመጠበቅ ወደ መስክ ይወጣል። ከአንቀልባው እስከ መስኩ ያለው ዘመን አራት ወይም አምስት ዓመት ብቻ ነው። በዚህ አጭር ዘመን አባቱ ወዴት ነው? በማለዳ ወደ እርሻ ይሄዳል፥ ማታ ደክሞ ይመለሳል፤ ልጁ ውሃ ይዞ እግሩን ሊያጥበው ሲቀርብም ዝም ብሎ እግሩን ይዘረጋለታል። ክፋት የለበትም፤ እርሱም ያደገበት ወግ ይኸው ነው። ነገር ግን ልጁ በቀን ውስጥ ለአባቱ የሚቀርብበት ሰዓት ያ ብቻ ከሆነና እርሱም በዝምታ ካለፈ፥ አባትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የሕፃን አንጎል በሦስት ዓመት ዕድሜው ከትልቅ ሰው አንጎል መጠን ከመቶው 80 ያህሉን ይይዛል። እግሩና እጁ ገና ጥቂት ሳለ አንጎሉ እንዲህ የሚፈጥነው ስለ ምግብ ብቻ አይደለም፤ የሚሰማው ቃል፥ የሚያየው ፊት፥ ለጩኸቱም የሚያገኘው መልስ ያሳድጉታል። በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት ከመቶው 38ቱ መቀንጨር በሚባለው የእድገት ጕድለት የተያዙ ሆነው ተገኙ። በአማራ ክልል ግን ቍጥሩ ከመቶው 46 ነበረ፤ በዚያ ጥናት ከክልሎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር። ስለ ምግባቸው ብዙ ተነግሯል፥ መነገሩም የሚገባ ነው። ስለ ጨዋታቸው ግን የተነገረው ጥቂት ነው።

በጃማይካ አገር በኪንግስተን ከተማ በ1986 እና በ1987 እ.ኤ.አ. እንደዚሁ የቀነጨሩ 129 ሕፃናት ተመርጠው በአራት ክፍል ተመደቡ። ለአንዱ ክፍል ተጨማሪ ምግብ፥ ለአንዱ ጨዋታ፥ ለሦስተኛው ሁለቱም ተሰጡ፤ አራተኛው ከሁለቱም አንዱን አላገኘም። ጨዋታ የተመደበላቸውን ልጆች የጤና ሠራተኞች የሆኑ ሴቶች በየሳምንቱ አንዳንድ ሰዓት በቤታቸው እየጐበኙ፥ እናቲቱ ከተጣለ ዕቃ በተሠራ መጫወቻ ከልጅዋ ጋራ እንዴት እንደምትጫወት ሁለት ዓመት ሙሉ አሳዩአት። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚህ ልጆች አድገው ሠራተኞች በሆኑ ጊዜ ተፈልገው ተጠየቁ። ጨዋታ ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ገቢያቸው ከመቶው 25 ያህል በልጦ ተገኘ፤ ተጨማሪ ምግቡ ብቻውን ግን በገቢያቸው ላይ ያመጣው ለውጥ አልታየም። ይህም በ2014 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታትሟል። ይህን ሰምቶ ምግብን የሚያቃልል ሰው ቢኖር ነገሩን አላስተዋለም፤ የተራበ ልጅ አይጫወትምና። በአገራችንም በጅማ በጽኑ ድኅነት በሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ሕፃናት በቤታቸው በጨዋታ እንዲረዱ ተደርጎ በእድገታቸው ተሻሽለው መገኘታቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ተገልጧል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው። «አባት ከልጁ ጋራ በመሬት ላይ ከተንከባለለ ክብሩ ይቀራል፤ ልጅም ይባልጋል፥ ነገም አይታዘዝም» ይባላል። እንዲህ የሚሉት ሰዎች ልጃቸውን የሚጠሉ አይደሉም፤ ለልጁ መልካም አስበው ነው። ነገር ግን ንጉሥ ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኀይሉ በዘለለ ጊዜ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልብዋ ናቀችው፤ በመጽሐፍ የተነቀፈችው እርስዋ ናት እንጂ ንጉሡ አይደለም። ካህናትም በጥምቀት ዕለት በሕዝብ ፊት ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ ክብራቸው ይጨምራል እንጂ አይጐድልም። ሰው የሚወድደውን ነገር በአካሉ ሁሉ ሲያከብረው እንደማይዋረድ አገሩ አስቀድሞ ያውቃል። ስለ መታዘዝም ቢሆን፥ ከአባቱ ጋራ የተጫወተ ልጅ ተራ መጠበቅን ይማራል፤ ያሸነፈ እንዳይታበይ፥ የተሸነፈም እንዳይቈጣ ይለምዳል፤ ከሁሉም ይልቅ አባቱ ራሱ የሚገዛበት ሕግ መኖሩን በዐይኑ ያያል። በበትር ብቻ የታዘዘ ልጅ ግን በትሩ በራቀ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ የከብት እረኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ ነው፥ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ሽማግሎች ይህን የሚጠቅሱት አብዛኛውን ጊዜ ልጁን ዝም ለማሰኘት ነው። ብስሉን ከጥሬው መለየት የሚችለው ግን ሁለቱንም የሰማ ብቻ ነው።

ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት ለእናቶች እውነት ነው። ውሃው፥ እንጨቱ፥ እህሉ፥ ልጁም ሁሉ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ተጭኗል፤ ለእርስዋ «ተጫወች» ብሎ ሌላ ሥራ መጨመር ግፍ ይሆናል። ለአባት ግን በዚህ አገር ጊዜ አለ። ገበሬ ከእሑድ ሌላ በየወሩ በ12 ስለ ሚካኤል፥ በ21 ስለ ማርያም፥ በ29 ስለ በዓለ እግዚአብሔር፥ እንደ ደብሩም ልማድ በሌሎች ቀኖች ሞፈርና ቀንበሩን ያሳርፋል። ስለ በዓላት ብዛት የግብርና ሹማምንትና ካህናት የሚከራከሩት ክርክር የቆየ ነው፤ ማንም ይርታ ማን፥ በሬዎቹ በእነዚያ ቀኖች ቆመው ይውላሉ። ከቅዳሴ በኋላ ያለው የቀኑ ክፍል በሰንበቴ፥ በማኅበር፥ አንዳንድ ጊዜም በጠላ ቤት ያልፋል። ከዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት ለልጅ ቢሰጥ እርሻውም ማኅበሩም የሚጐድልበት ነገር የለም፤ እናቲቱም በዚያ ሰዓት ታርፋለች። ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ በሚናገርበት ጊዜ፥ የንስሓ አባትም ወደ ቤት በሚመጣበት ጊዜ ይህን አንድ ቃል ቢያነሣ ከማንኛውም ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል።

መጫወቻ መግዛትም አያስፈልግም። ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን የአባቱ ነጠላ ይበቃዋል። ፊትን በነጠላ ሸፍኖ ድንገት መግለጥ ለትልቅ ሰው ከንቱ ነገር ይመስለዋል፤ ሕፃኑ ግን ከዐይን የተሰወረ ሰው እንዳልጠፋ፥ ተመልሶም እንደሚመጣ የሚማረው በዚሁ ነው። ከፍ ሲል አኩኩሉ ይከተላል፤ ያን ጊዜ ራሱ ይደበቃል፥ መፈለግንም ይወዳል።

ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላው ገበጣ አለ። በቤቱ ደጅ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ትንንሽ ጕድጓዶች ቈፍሮ በያንዳንዱ ጠጠር ወይም ባቄላ ማድረግ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. የገበጣን ዐይነቶች ሰብስበው በጻፉት ጽሑፍ ሕጉ ከአገር አገር ብዙ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ ስለዚህ የሰሜን አባት ከአያቱ የተማረውን ሕግ ለልጁ ቢያሳየው ሌላ ስፍራ የማይገኝ ነገር ሊያወርሰው ይችላል። የአራት ዓመት ልጅ መላ ሕጉን አይዝም፤ ነገር ግን ጠጠሩን አንሥቶ በየጕድጓዱ አንዳንድ መጣል ይችላል፥ ይህም መቍጠር ነው። አባቱ ካህን ከሆነ አሐዱ፥ ክልኤቱ፥ ሠለስቱ እያለ አብሮት ይጥላል፤ ልጁ የቄስ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት የግዕዝ ቍጥር በጣቱ ላይ ያድራል። ታናሽየው ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ከሆነ ግን ጠጠርና ባቄላ ከእርሱ ዘንድ ይራቅ፤ ማነቅ የሚችል ነገር ነውና። ለቅልልቦሽም እንዲሁ አምስት ጠጠር ይበቃል፤ በዚህ እኅቶች ከወንድሞቻቸው ይልቅ ሲፈጥኑ አባት ቢያይ አይደነቅ።

በክረምት ጭቃ ሞልቷል። በጎንደር አጠገብ በወለቃ ለመንገደኛ የሚሸጡት ትንንሽ የሸክላ ምስሎች የታወቁ ናቸው፤ የባላገር ልጅ ግን ሳይማር በሬ ይሠራል፥ ቀንድ ይተክልለታል። አባት ከእንጨት ፍላጭ ቀንበርና ሞፈር ቢጨምርለት የጭቃው በሬ እርሻ ይጀምራል፤ የትኛው በሬ በቀኝ እንደሚጠመድ ልጁ ይጠይቃል፥ አባቱም በሚያውቀው ነገር መምህር ይሆናል። እናትም በሶ በምትለውስበት ጊዜ ከሊጡ አንድ ጭብጥ ለልጅዋ ብትሰጠው የራሱን ጭብጦ ጨብጦ ይበላል፤ ሥራዋ በዚህ ብዙ አይዘገይም። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ደግሞ ሙልሙል ለልጆች መጋገሩ፥ ወንዶች ልጆችም ጅራፍ ማጮሃቸው የቆየ ሥርዓት ነው። ጅራፉን ግን ማን ይገምድላቸው? አባት ከቡሄ አስቀድሞ ባሉት ቀኖች ከልጁ ጋራ ተቀምጦ ቢገምድ በዓሉ ለልጁ ከዚያች ሰዓት ይጀምራል።

በደባርቅ ከተማ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ጭቃም ምድጃም የለኝም ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ለእርሱ ሌላ ጸጋ አለው። በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው፥ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤቱ በደባርቅ ነው። እንግዶች ከሩቅ አገር ባሕር ተሻግረው የሚመጡበትን ነገር የደባርቅ ሕፃን በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ሊያየው ይችላል። በቡይት ራስ አካባቢ ጭላዳዎች በመስክ ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይታያሉ፤ ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ግልገሉ መጀመሪያ ከእናቱ ሆድ ሥር ተጣብቆ ይሄዳል፥ ጥቂት ሲያድግ በጀርባዋ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ያሉትም እርስ በርሳቸው ይታገላሉ፥ ይባረራሉ። ገበሬው ገብሱን ስለሚያጠፉበት አይወድዳቸውም፤ በዚህ አይፈረድበትም። ልጁ ግን እናቲቱ ስታዝል ባየ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙ ነው፤ ሰው ሁሉን መመለስ ባይችል እንኳ አብሮ ማየቱ ይበቃል። በሊማሊሞ ገደል ላይ ቆሞ መንገዱ ሲጠመዘዝ ያየ ልጅም ይህን ማን ቈረጠው ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ አባቱ የጣልያንን ወረራ ዘመን ከዚያ ይጀምርለታል። ዳግማዊ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡበት ደረስጌ ማርያምም በዚሁ በሰሜን ምድር ነው፤ ታሪክን ከመጽሐፍ አስቀድሞ ከአባቱ አፍ የሰማ ልጅ መጽሐፉን በኋላ ሲያገኘው እንደ ዘመድ ይቀበለዋል።

ለዚህ ሁሉ ከገደልና ከብርድ ይልቅ የሚከለክል አንድ ነገር በከተማው ገብቷል፤ እርሱም የእጅ ስልክ ነው። አባት ከቢሮ ተመልሶ ፊቱን ወደ ስልኩ ይመልሳል፤ ልጁ ሲያለቅስም ያንኑ ስልክ ሰጥቶ ዝም ያሰኘዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዲህ ያለው መስተዋት ፈጽሞ እንዳይሰጥ፥ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ካነሰም እንደሚሻል መክሯል።

ነገሩ የደስታ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ደርሶ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ፤ በዚያ ዘመን ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም በደባርቅና በዳባት ተጠለሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ቀርተዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ሕፃን ፍርሃቱን በቃል መናገር ስለማይችል በጨዋታ ይናገረዋል፤ እንጨቱን ጠመንጃ ያደርጋል፥ አሻንጕሊቱን ይቀብራል። ይህን ያየ ሰው «ክፉ አትጥራ» ብሎ ሊመታው ይቃጣዋል። ከመምታት ይልቅ አጠገቡ ተቀምጦ የተቀበረው ማን እንደ ሆነ፥ ቤቱስ ወዴት እንደ ነበረ በቀስታ መጠየቅ ይሻላል፤ ልጁ በዚያ ጊዜ የሚናገረውን በሌላ ጊዜ አይናገረውም። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀበሌም ገበጣውና ተረቱ ልጁ ያለው ትምህርት ሁሉ ነው።

ለሹማምንት የቀረው ሥራ ከባድ አይደለም። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወለደውንና የሞተውን፥ የገባውንና የወጣውን ሰው እየቈጠረ የሚመዘግብበት ማእከል አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ክትባቱን ይጠይቃሉ፥ የሕፃኑን ክብደት ይጽፋሉ። የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የሚያስፈልጉትን አምስት ነገሮች ሲዘረዝሩ ጤና፥ ምግብና ከክፉ መጠበቅን ብቻ አልጻፉም፤ ለሕፃኑ ስሜት መልስ የሚሰጥ አያያዝንና ከሕፃንነት የሚጀምር ትምህርትንም ጨምረዋል። ስለዚህ የጤና ሠራተኛዋ በምትገባበት ቤት አባቱን «ዛሬ ከልጅዎ ጋራ ምን ተጫወቱ?» ብላ ብትጠይቀው ወጪ የለውም። መጀመሪያ ይስቃል። በሁለተኛው ጕብኝት ግን እንደገና መጠየቁን ስለሚያውቅ መልስ አዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

ሌሊቱ ሲረዝምና ብርዱ ሲጸና፥ ራት ተበልቶ እሳቱ ሳይጠፋ፥ ጊዜው የእንቆቅልሽ ነው። ሰው አሮጌውን እንቆቅልሽ ቢጨርስ ከዐይኑ ፊት ካለው ነገር አዲስ ማውጣት ይችላል። «እንቆቅልህ» ይላል አባት፤ «ምን አውቅልህ» ይላል ልጅ። «ጧት ነጭ ጋቢ ደርቦ፥ ቀትር ሲሆን ጋቢውን ጥሎ የሚቆም?» ልጁ አጐቱን ይጠራል፥ ቄሱን ይጠራል፥ በመጨረሻም ወደ በሩ ተመልክቶ ጕም የለበሰው ተራራ መሆኑን ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ተራው የልጁ ነው። እርሱ የሚያመጣው እንቆቅልሽ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም፥ ወይም መልሱን ከጠየቀ በኋላ ይለውጠዋል፤ በዚህ አባት መከራከር አይገባውም። መልሱን ያላወቀ አገር መስጠት አለበትና «አገር ስጠኝ» ይባላል። አባት በየዳን ይሰጣል፥ ጃናሞራን ይሰጣል፥ ጠለምትን ይጨምራል፤ ሕፃኑም በዚሁ የአገሩን ስሞች አንድ በአንድ ይሰማል። ዳባትንና ደባርቅን ተቀብሎ የሚረካ ልጅ ግን ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጎንደር እስኪሰጠው ድረስ አይተኛም።